ፎርማኑ ያመጣው ሸክላ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም በምትባለው የፋብሪካ ከተማ፣ በ1965 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ቀን ቀን ብረታ ብረት ፋብሪካ ይበይዳል፣ ማታ ማታ ጊታር ይጫወታል። አንድ የሙዚቃ ቡድን ጀርመን ይዞት ሊሄድ ስለተስማማ ሥራውን ለቀቀ። የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። ለምሳ ቤቱ ገብቶ በላና፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ምን አደርጋለሁ፣ በቃኝ አለ። እናቱ እምቢ አሉ። ቀንህን ጨርሰህ በወጉ ተሰናበት ብለው መለሱት። የእናት ቃል ሆነበትና ሄደ።

ያን ዕለት አንድ ሠራተኛ ቀርቶ ስለነበር ብረት የሚጫነው ማሽን ላይ እሱን አቆሙት። ማሽኑን አያውቀውም። ቀኝ እጁ ላይ ወረደበት። ደንግጦ እጁን ሲመነጭቅ የመሃል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ጫፍ እዚያው ቀረ። አዮሚ ግራኝ ነው። ግራኝ ጊታሪስት ክሩን በግራ እጁ ይመታል፤ የጊታሩን አንገት ይዞ ክሩን እየተጫነ ድምፅ የሚመርጠው በቀኙ ጣቶች ነው። የተቆረጡትም እነሱው ናቸው። ሐኪሞቹ ጊታር የሚባል ነገር እርሳው አሉት።

ልጁ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲብሰለሰል የፋብሪካው ፎርማን ሊጠይቀው መጣ። ባዶ እጁን አልመጣም፤ ሸክላ ይዟል። እስቲ ይህን ሰው ስማው አለ። እናንተው ፍረዱ፤ ጣቱን ላጣ ጊታሪስት የሌላ ሰው ጊታር ማሰማት በቁስሉ እንጨት መስደድ አይደለም? አዮሚም አሻፈረኝ አለ። በዚያች ሰዓት ከምንም በላይ የሚያስጠላው ነገር ጊታር መስማት ነበር። ፎርማኑ ግን አለቀቀውም። ሸክላው ዞረ። ልጁ ሰማና ግሩም ተጫዋች ነው አለ። ፎርማኑ ያን ጊዜ ነው ምሥጢሩን ያወጣው፦ ይህ የሰማኸው ሰው የሚጫወተው በሁለት ጣት ነው።

ሰውዬው ጃንጎ ራይንሃርት ነበር። በ1928፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ የሚኖርበት ባለ ጎማ ቤት በሌሊት በእሳት ተያይዞ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ሽባ ሆኑ። በቀሩት ሁለቱ እየሮጠ ነው አውሮፓን ሁሉ ያስደነቀ የጃዝ ጊታሪስት የሆነው።

ከዚህ ታሪክ እኔ አጥብቄ የምወደው ቅደም ተከተሉን ነው። ፎርማኑ ስለ እሳቱና ስለ ሽባው ጣት አስቀድሞ ቢያወራ ኖሮ ልጁ የሚሰማው ስብከት ይሆን ነበር። ሰውዬው ብልህ ነበር። መጀመሪያ ሙዚቃው ገባ፣ ጆሮ ፈረደ፣ ታሪኩ ከኋላ መጣ። ለወዳጁ አልበም የሚጋብዝ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እላለሁ። ዛሬ ግን አንድ ዘፈን ሲጋብዙን ከዘፈኑ በፊት ማብራሪያው ይመጣል፤ እዚህ ጋ ሲደርስ ታለቅሳለህ፣ እዚያ ጋ ሲደርስ ጸጉርህ ይቆማል እንባላለን። ገና ሳንሰማ የምናለቅስበት ቦታ ተወስኖልናል።

ወደ ልጁ እንመለስ። አዮሚ የፕላስቲክ የሳሙና ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። የጣቱን ልክ እስኪያገኝ ሞረደው፤ ክሩን እንዲይዝለት ከአሮጌ ጃኬት ቆዳ ቆርጦ ለጠፈበት። ወፍራም ክር ጣቱን ስለሚያሳምመው ቀጫጭን ክር ፈልጎ የባንጆ ክር እስከ መግጠም ደረሰ። በኋላም ክሮቹን ማላላት ጀመረ። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳል፣ ከደረት ሥር ይመጣል። በኋላ ከመሠረተው ቡድን ጋር በ1971 ባወጣው ማስተር ኦቭ ሪያሊቲ በተባለው አልበም ላይ ይህ ድምፅ ከነሙሉ ክብደቱ ይሰማል። ዛሬ ሄቪ ሜታል ሲባል ዓለም የሚያውቀው ያ ከባድ የጊታር ድምፅ ትልቁ ምንጩ ይህ ነው፦ የቆሰሉ ጣቶች፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ የላላ ክር፤ ከሁሉም በፊት አንድ የሥራ አለቃ እምቢታ ሳይበግረው ያጫወተው ሸክላ።

አዮሚ ከኦዚ ኦዝቦርን፣ ከጊዘር በትለርና ከቢል ዋርድ ጋር ብላክ ሳባዝ የተባለውን ቡድን መሠረተ። የመጀመሪያው አልበማቸው አብዛኛው ሥራ በኦክቶበር 1969 በአንድ ቀን ተቀርጾ አለቀ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ወጣ፤ ቀኑ ዓርብ ነበር። የሙዚቃ ሃያሲዎች አጣጣሉት። ሕዝቡ ግን ገዛው፤ እንግሊዝ ውስጥ ከሰንጠረዡ ስምንተኛ ደረጃ ደረሰ።

እኔ ዘንድ ይህ አልበም የመጣው በፍላሽ ነው፤ አብሮ አደጌ ገልብጦ ሰጠኝ። አብሮ አደጌ ብዙ አያወራም። "ማታ ስማው፣ አታቋርጠው" ብሎ ሄደ። የተባልኩትን አደረግሁ። መጀመሪያ ዝናብ ይዘንባል። ከሩቅ ደወል ይሰማል፣ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ጊታሩ እስኪገባ ድረስ ትጠብቃላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፤ ከዚያ ሦስት ድምፆች ይወርዳሉ። ሦስት ብቻ። እየተንቀረፈፉ፣ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ርቀት ጆሮ የማይወደው፣ የማያርፍበት ርቀት ነው። እዚያ ላይ የዘፋኙ የኦዚ ድምፅ ይገባል፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነው። እኔ የሰማሁት ፍርሃቱን ነው። የሚያስፈራራ ሰው መስሎ አልተሰማኝም።

ይህን የምለው ምክንያት ስላለኝ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሙዚቃ ሲነሣ የሰይጣን ነው የሚል ፍርድ ይቀድማል። የፈረዱት ሰዎች አብዛኞቹ አልሰሙትም። የመጀመሪያው አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ጥቁር ጥላ የመጣበት ሰው ተንቀጥቅጦ ከፈጣሪው እርዳታ ሲለምን ነው። ግጥሙን በብዛት ይጽፍ የነበረው ጊዘር በትለር ያደገው በካቶሊክ ቤተሰብ ነው። አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉት የነበረውን የብረት መስቀል የሠራላቸው የኦዚ አባት ናቸው፤ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በዚያው በ1970 በወጣው ሁለተኛ አልበማቸው መግቢያ ላይ ደግሞ የድሃ ልጆችን ወደ ጦር ሜዳ እየላኩ እነሱ ከኋላ የሚቀመጡትን ጦር ቆስቋሾች ያወግዛሉ፤ ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ነበር። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ግብረገብ ይፈለጋል?

ስለ ድምፁም ልንገራችሁ። ጊታሩ ሻካራ ነው፣ ይነዝራል፣ ጥርት ያለ አይደለም የሚሉ አሉ። የእኛ ሰው ግን ለዚህ ድምፅ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በገናን አስቡት። ዐሥሩ ክሮች ከሚያርፉበት እንጨት ላይ በእያንዳንዱ ክር ሥር ትንንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ በገና የሚነዝረው፣ ያ የሚያጉረመርም ድምፁ የሚወጣው በዚያች ቆዳ ነው። ደርዳሪው ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው፤ ቆዳው ካልተስተካከለ በገናው በገና አይሆንም። በዐቢይ ጾም በዚያ ድምፅ ሥር ቁጭ ብሎ ልቡን የመረመረ ሰው ከባድ ድምፅ ለከባድ ነገር እንደሚያገለግል ያውቃል። ሁለቱ መሣሪያዎች አገልግሎታቸው የተለያየ ነው፤ አንዱ ለጸሎት ነው፣ ሌላው አይደለም። ጆሮ ግን ከአንዱ የተማረውን ለሌላው ሊጠቀምበት ይችላል። ጃኖ ባንድ በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት በ2012 ኤርታሌ የተባለውን አልበም ሲያወጣ ከባዱ ጊታርና የእኛ ቅኝት እንደማይጣሉ በአደባባይ አሳይቷል።

አሁን ወደ ሌላው ግብዣ ልውሰዳችሁ። ያው አብሮ አደጌ ከሙዚቃው ቀጥሎ አንድ ቀልደኛ አመጣ። ቢል ሂክስ ይባላል። መግለጫው አሁንም አጭር ነበር፤ "ተቆጥቶ ነው የሚያስቀው" አለ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም።

ሂክስ በ1961 ጆርጂያ ውስጥ ተወልዶ ቴክሳስ፣ ሂውስተን ያደገ ነው። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከቤት እየሾለከ የኮሜዲ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ጊታርም ይጫወታል፤ አንዱን የቀልድ አልበሙን ራሱ በተጫወተው ሙዚቃ አጅቦታል። አገሩ አሜሪካ ብዙም ሳያውቀው እንግሊዞች ተቀብለውት በ1992 ለንደን ዶሚኒየን ቲያትር ውስጥ ያቀረበው ዝግጅት ተቀረጸ።

በሌላ አገር ቋንቋ የሚቀለድ ቀልድ መስማት ከባድ ነው። የሚጠቅሰውን ፖለቲከኛ ላታውቁት፣ የሚያሾፍበትን ማስታወቂያ አይታችሁት ላታውቁ ትችላላችሁ። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት አካሄዱን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። አንዱን ሐሳብ ይደጋግመዋል፤ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ትንሽ ይጨምርበታል። አዳራሹ ጭንቅ ይለዋል። ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ላይ ነው የገባኝ፤ ብላክ ሳባዝ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከባድ ሙዚቃ አንድ ዜማ ይዞ ደጋግሞ ያከብደዋል፣ ሰሚው መቼ ይለቀቃል እያለ እስኪጨነቅ ይይዘዋል፣ ከዚያ ይለቃል። ኮሜዲያኑም እንዲሁ። ልዩነቱ አንዱ ሲለቅ ራስ ይወዛወዛል፣ ሌላው ሲለቅ ሳቅ ይፈነዳል። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር ዞሮ ዞሮ አንዱ ታዳሚ ላይ ሲደርስ ቤቱ ትንፋሹን ይይዛል፣ ስንኙ ሲወድቅ ነው የሚፈነዳው።

ሁሉንም ወደድኩለት አልልም። ሂክስ ስለ ሴቶች የሚቀልዳቸው አንዳንድ ቀልዶች ሻካራና ቀላል ናቸው፤ በጦርነትና በግብዝነት ላይ ያሳየውን ጥልቀት እዚያ ጋ አላገኘሁበትም። ለአብሮ አደጌም ይህንኑ ነገርኩት። አልተቀየመም፤ ተከራከረኝ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ። እንዲህ ያለ ክርክር ለኔ ከምስጋና የበለጠ ስጦታ ነው። አሪፍ ነው ብሎ በአንድ ቃል መገላገል የሰጪውን ልፋት ከንቱ ያስቀራል።

የሰውዬውን ፍጻሜ ደግሞ ስሙ። በጁን 1993 የቆሽት ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ለጥቂት ሰው ብቻ ነግሮ ሥራውን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን በዴቪድ ሌተርማን የቴሌቪዥን ዝግጅት ቀረበ፤ ሌተርማን ዘንድ ሲቀርብ 12ኛ ጊዜው ነበር። ታዳሚው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሰዓታት ሳይቆዩ ግን ስልክ ተደወለለት፤ የእሱ ክፍል ከዝግጅቱ ሙሉ በሙሉ እንዲቆረጥ ተወስኗል። ስለ ሃይማኖትና ስለ ፅንስ ማስወረድ ክርክር የቀለደው ከብዷቸዋል። አዳራሹ ኤድ ሳሊቫን ቲያትር ነው፤ በ1957 ኤልቪስ ፕሬስሊን ከወገቡ በላይ ብቻ ያሳዩበት ያው ቦታ። ሂክስ ኤልቪስን አሳምሮ የሚያስመስል፣ የሚወደውም ሰው ነበርና ይህ ሳይከነክነው አልቀረም። ተቀምጦ ለአንድ የኒው ዮርከር መጽሔት ጸሐፊ 39 ገጽ በእጁ ጻፈ። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1994 ወላጆቹ ቤት ሞተ። ዕድሜው 32 ነበር።

በ2009፣ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሌተርማን የሂክስን እናት ዝግጅቱ ላይ ጋበዘ። ውሳኔው የራሱ እንደነበረ ተናግሮ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ጠየቃቸው፤ የተቆረጠውንም ክፍል ያኔ አስተላለፈው። ያ ቅጂ ዛሬ ይገኛል። ስታዩት ምኑ አስፈራቸው ማለታችሁ አይቀርም።

ሁለቱ ግብዣዎች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ አብሮ አደጌ ሁለቱን ያመጣልኝ ይህን እያወቀ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቱል የሚባል ቡድን አለ። ዘፋኙ ሜይናርድ ጀምስ ኪናን፣ ጊታሪስቱ አዳም ጆንስ፣ ድራመሩ ዳኒ ኬሪ። እነዚህ ሰዎች ሂክስን ሰሙና ወደዱት። በ1993 ሎላፓሉዛ በተባለው ተዘዋዋሪ የሙዚቃ ድግስ ላይ ከእነሱ በፊት መድረክ እንዲወጣ ጋበዙት። ሂክስም በሺህ የሚቆጠር፣ ለመዝለል የመጣ ወጣት ፊት ቆሞ፣ የዓይኔ ሌንስ ወድቆብኛልና አንዳችሁም ሳትንቀሳቀሱ መሬት መሬቱን ፈልጉልኝ አለ። ኪናን ቀልዱን እጅግ ስለወደደው ሌላ ጊዜ ራሱ መድረክ ላይ ደግሞታል።

ሂክስ ሲሞት ቱሎች የሰጡት መልስ በ1996 የወጣው ኤኒማ የተባለው አልበም ነው። ለእሱ መታሰቢያ አደረጉት። ሥዕሉን ከሸክላው ጋር አወጡት። የመጨረሻው ዘፈን ከ13 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ መግቢያው ላይ የምትሰሙት የሂክስ የራሱ ድምፅ ነው፣ ከመድረክ ቅጂው የተወሰደ። ሂክስ ሎስ አንጀለስን ባሕር ሲውጣት እያሰበ የሚቀልደው ቀልድ ነበረው፤ ቱሎች ያንን ሐሳብ ወስደው የአልበሙን ስም ከሞላ ጎደል የሚጋራ ዘፈን ሠሩበት። ዘፈኑ በ1998 በሜታል ዘርፍ ግራሚ አሸነፈ። ሬዲዮሄድም በ1995 ዘ ቤንድስ የተባለውን አልበማቸውን ለሂክስ መታሰቢያ አድርገዋል፤ የቱሎች ግን ከመታሰቢያ ያለፈ ነው። ቀልዱን ሰምተው፣ አኝከው፣ በራሳቸው ቋንቋ መልሰው ተናገሩት። አንድ ሰሚ ለሰማው ነገር ከዚህ የበለጠ ምን ሊመልስ ይችላል?

ኤኒማ 77 ደቂቃ ነው። ቱሎች ለረጅም ዘመን ሥራቸውን ኢንተርኔት ላይ በዥረት እንዲሰማ አልፈቀዱም ነበር፤ የፈቀዱት በኦገስት 2019 ነው። እስከዚያ ድረስ ሲዲውን የገዛ ወይም የገዛ ወዳጅ ያለው ሰው ነበር የሚሰማው። እኔ ይህን እልኸኝነታቸውን አከብራለሁ። አልበሙ ሲቆራረጥ ይሞታል። መሃል ላይ ዘፈን የማይመስሉ አጫጭር ድምፆች አሉ፤ ተቸኩሎ የሚዘልላቸው ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ለምን እንደዚያ እንደከበደው አይገባውም። ኮሜዲም እንደዚሁ ነው። ዛሬ ስልካችን ላይ የሚደርሰን የቀልድ ቁራጭ የአንድ ደቂቃ ነው፤ የሳቁ ጫፍ ብቻ። ጫፉን ያቆመው የ20 ደቂቃ ግንባታ ተቆርጦ ተጥሏል። ስድቡ ቀርቶ ምክንያቱ ጠፋ ማለት ነው፤ ብዙ ኮሜዲያን ያላሉትን አሉ ተብለው የሚወገዙትም በዚህ ነው።

ታሪኬን ወደ በርሚንግሃም መልሼ ልጨርስ። ጁላይ 5 ቀን 2025 ብላክ ሳባዝ የመጨረሻ ድግሳቸውን በቪላ ፓርክ ስታዲየም አደረጉ፤ ካደጉበት ሰፈር አጠገብ ነው። አራቱ መሥራቾች አብረው ሲጫወቱ ከ20 ዓመት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። ኦዚ በፓርኪንሰን በሽታ ተይዞ መቆም ስለማይችል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከእነሱ በፊት መድረክ ከወጡት የዓለም ታላላቅ ቡድኖች መካከል ቱሎች ነበሩ፤ ከብላክ ሳባዝ ሥራዎችም አንዱን ተጫወቱ። አዮሚ ያኔ 77 ዓመቱ ነበር። ጣቶቹ ላይ ቆቦቹ ነበሩ። ከ17 ቀን በኋላ ኦዚ በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

ያ ፎርማን ሸክላውን ይዞ ሲሄድ ይህ ሁሉ ይመጣል ብሎ አላሰበም። የታመመ ልጅ ሊያጽናና ነው የሄደው።

እናንተም ወዳጃችሁ አንድ ከባድ ነገር ቢጋብዛችሁ፣ ሙዚቃም ይሁን ቀልድ፣ አንድ ማታ ስጡት። ከየት እንጀምር ካላችሁኝ በ1970ው የብላክ ሳባዝ አልበም ጀምሩ፤ አጭር ነው፣ 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቀጥላችሁ ሌተርማን የቆረጠውን የሂክስን ክፍል እዩ። ኤኒማን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ከሥራ ደክሟችሁ ስትገቡ አትጀምሩት። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና እስከ መጨረሻው ስሙ። ካልወደዳችሁትም ምኑን እንዳልወደዳችሁ ለጋበዛችሁ ሰው በግልጽ ንገሩት።